የስሕተት ቁጥር ፍርድ አይደለም፦ የመኪና አየር ማቀዝቀዣ የግፊት ሴንሰር ምርመራ



የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ሥራውን ሲያቆምና የመመርመሪያ መሣሪያው ፒ0532 የተባለውን የስሕተት ቁጥር ሲያሳይ፣ ቁጥሩ የሚነግረን የግፊት ሴንሰሩ ምልክት ከሚጠበቀው በታች መውረዱን ብቻ ነው። ሴንሰሩ ስለ መበላሸቱ አይመሰክርም። ሽቦው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ አልቆ ሴንሰሩ እውነቱን እየተናገረም ሊሆን ይችላል።

ሴንሰሩ የሚገኘው በከፍተኛ ግፊት መስመር ላይ ነው። የተለመደው ዓይነት ሦስት ሽቦዎች አሉት። አንዱ 5 ቮልት ያመጣለታል፤ ሁለተኛው ግራውንድ ነው፤ ሦስተኛው ከግፊቱ ጋር ከፍና ዝቅ የሚለውን፣ በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚደርሰውን ምልክት ወደ ኮምፒዩተሩ ያደርሳል። ኮምፒዩተሩም ግፊቱ ከልክ በታች ወይም በላይ መስሎ ሲታየው ኮምፕሬሰሩ እንዳይሠራ ያግዳል።

ታዲያ የሴንሰሩን ቃል በምን እናረጋግጣለን? ሞተሩ ለሰዓታት ቆሞ የመስመሩ ሙቀት ከአካባቢው አየር ጋር ሲስተካከል፣ በውስጡ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ጥቂትም ቢሆን እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። የአር134ኤ ጋዝ ፍጹም ግፊት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 572 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ሜካኒካዊ ጌጅ ግን የሚያነበው ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል ላይ 470፣ የከባቢ አየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ በሆነባት አዲስ አበባ ደግሞ 495 ያህል ያሳያል። መመርመሪያው ፍጹም ግፊትን የሚያሳይ ከሆነ ይህ የ77 ልዩነት ብልሽት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሦስት ውጤቶች ይጠበቃሉ። ጌጁ ከሙቀቱ ጋር ተስማምቶ የመመርመሪያው ንባብ እጅግ ከራቀ ጥርጣሬው በሴንሰሩ ወይም በሽቦው ላይ ያርፋል። ሁለቱም እኩል ዝቅ ካሉ ጋዙ ፈስሷል፤ የሚፈለገው የፈሰሰበት ቦታ ነው። ሁለቱም ከሙቀቱ ጋር ከተስማሙ ሴንሰሩ በዚያ ነጥብ ላይ ታማኝ ነው፤ የጋዙን መጠን ግን ይህ ልኬት አይገልጽም።

ጥርጣሬው ከሴንሰሩና ከሽቦው ላይ ሲያርፍ ሶኬቱን ነቅለን በመልቲሜትር እንለካለን። 5 ቮልቱ ከሌለ ችግሩ ከሽቦው ወይም ከኮምፒዩተሩ ነው። ካለ፣ የጥገና መመሪያው በሚፈቅድበት መኪና፣ 5 ቮልቱን ፊውዝ ባለው ሽቦ ከምልክቱ መስመር ጋር እናገናኛለን። ንባቡ ወደ ጣሪያው ከዘለለ መስመሩና ኮምፒዩተሩ ጤነኞች ናቸው፤ የሚተካውም ሴንሰሩ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል መዝለል ዋጋ ያስከፍላል። ሴንሰሩን አታልሎ ኮምፕሬሰሩን ማስነሣት፣ ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር በመሆኑ፣ ኮምፕሬሰሩን ያለ ቅባት ያቃጥለዋል። ፍሳሹን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላትም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ የሚያሞቅ ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ነው። የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያ እንዲቀንሱ ከወሰነባቸው ጋዞች አንዱም ይኸው ነው። ስለሆነም መለኪያን ከመጣላችን በፊት በሌላ መለኪያ እንመርምረው።