ከመኪና ሥር ወደ እርፍ ጫፍ

በጅቡቲ መንገድ ዓመታት ጭነት ተሸክሞ የተሰበረ የከባድ መኪና ባሌስትራ ለባለ መኪናው ቁርጥራጭ ነው። ጋራዥ ውስጥ ይወልቃል፣ በኪሎ ይሸጣል። ከዚያ ከፊሉ ከአዳማ ሽቅብ ወደ አርሲ ይወጣል። በሁሩታና በዙሪያዋ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ባለው የስንዴ አገር፣ ከመኖሪያ ቤት ጎን በቆርቆሮ በተከለለ ጥግ ተቆርጦ ማረሻ፣ መጥረቢያ ወይም ማጭድ ይሆናል።

እንዲህ ያለው የጓሮ ወርክሾፕ ዕቃው ጥቂት ነው። አንድ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ ሞርሳ፣ መዶሻና ሞረድ፣ ከመኪና ቁራጭ የተሠራ መቀጥቀጫ፣ ጥግ ላይ የተከመረ ብረት። ከሁሉም የሚበልጠው ያ ክምር ነው። ባለሙያው ከክምሩ ውስጥ የቱ ለምን እንደሚሆን ካላወቀ ማሽኑ ብቻውን የትም አያደርሰውም።

ባሌስትራ የሚፈለገው ካርቦኑ ከመቶ 0.6 ገደማ ስለሆነ ነው፤ ተራው የግንባታ ብረት ብዙውን ጊዜ የዚህን ግማሽ እንኳ አይዝም። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ግራይንደር ሲነካው ግን ይታያል፤ ተራው ብረት ረጅምና ቀጥ ያለ ብልጭታ ይረጫል፣ የባሌስትራው ብልጭታ ጫፉ ላይ እየፈነዳ ይበታተናል። ቀይና አጭር ሆኖ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነውና ለማረሻ አይሞከርም፤ በመዶሻ ሲመታ ይሰበራል።

ቀጥሎ እሳቱ ነው። ብረቱ ቀልቶ ማግኔት መሳብ ሲያቆም ሙቀቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ደርሷል ማለት ነው፤ ትንሽ ይጨመርና ጫፉ ዘይት ውስጥ ይነከራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይበቃል። ውኃ ውስጥ የነከረው ሰው ስንጥቅ ሊያተርፍ ይችላል፤ ይህ ብረት ድንገተኛ ቅዝቃዜ አይወድም። ከዘይት የወጣው ጫፍ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ጎኑ በሞረድ ጠርቶ እንደገና በቀስታ ይሞቃል። የጠራው ቦታ ቢጫ፣ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ እያለ ይሄዳል፤ ጥሩ ባለእጅ የቱ ቀለም ላይ እሳቱን እንደሚሰናበት ያውቃል። ድንጋያማ ማሳ ላይ የሚሰበረው ማረሻ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ማሞቅ የተዘለለበት ነው።

ብየዳም የራሱ ወጥመድ አለው። ባሌስትራ በተራ ኤሌክትሮድ እንደ ቀዘቀዘ ከተበየደ ብየዳው ደህና ይመስልና ከጎኑ ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አስቀድሞ ማሞቅ፣ ሲያልቅ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው። ለችኩል ደንበኛ ይህን ማስረዳት ከብየዳው ይከብዳል።

አርሲ ማሽን ቀድሞ የገባበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ዩኒት፣ በአጭሩ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ሲያስፋፋ የእርሻ መሣሪያም ይሞክር ነበር። ትራክተርና ኮምባይነር በእነዚያ ዓመታት ወደ ስንዴው ማሳ ገቡ። መለዋወጫ ግን ዛሬም ከማሽኑ ኋላ ይመጣል። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነር ማሳ መሀል ሲቆም፣ ያለ ወቅቱ የሚጥል ዝናብም ሲያስፈራ፣ የውጭ ዕቃ የሚጠብቅ የለም። የተበጠሰው ቺንጋ ልክ ካልተገኘ ፑሊውን የሚይዘው ብረት ቀዳዳው ይረዝምና ሌላ ልክ ቺንጋ ይገጠማል። የተበላው የኩሽኔታ ቤት ተበይዶ ይሞላል፣ ከዚያ ቶርኖ ወዳለበት ይላካል። መፍትሔው ሁልጊዜ ያማረ አይደለም፤ አንዳንዱ ለከርሞ ሌላ ብልሽት ያስቀምጣል። ቢሆንም ስንዴው ይገባል።

የብየዳ ማሽኑ ራሱ አገር ውስጥ የተጠመጠመ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ አያስቸግርም፤ በስስ የብረት ንጣፎች ላይ ሁለት ጥምጥም ይደረጋል፣ አንዱ 220 ቮልት ይቀበላል፣ ዙሩ ያነሰውና ሽቦው የወፈረው ሌላው ወደ 60 ቮልት ዝቅ አድርጎ ከ100 አምፔር በላይ ይሰጣል። ጎረቤት አምፖሉ ሲደበዝዝ ብየዳ መጀመሩን ያውቃል።

ብረት ቀጥቃጩን፣ በኦሮምኛ ቱምቱውን፣ ማኅበረሰቡ ለዘመናት ሲጠቀምበት ሲንቀውም ኖሯል። በያጁ ዛሬ ከዚያ ንቀት ብዙውን አምልጧል፤ ከጉዳት ግን አላመለጠም። በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ወጣት የትም አለ። የብየዳ ጨረር ዓይንን ሲያቃጥል ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ፣ አሸዋ የገባበት ያህል ሆኖ ነው። ለወጣቱ ሥራ የሚሰጥ ደንበኛ ጭምብል አለህ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ማረሻ የምትገዙ ደግሞ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ጫፉን ፋቅ አድርጉት። ሞረዱ በጭንቅ ከያዘ ውሰዱት፤ እንደ ልብ ዱቄት ካራገፈ ግን ተራ ብረት ነው ወይም በወጉ አልተነከረም፣ ለሻጩ መልሱለት።