የረጅም ርቀት የመኪና እሽቅድምድምና ደንቡ

በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ስታልፉ ስሙ ከምን እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ሜክሲኮ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን የተቃወመች አገር ናት፤ አደባባዩም በስሟ ተጠርቷል። ከዚህችው አገር የምንማረው ሌላ ቁም ነገርም አለ፤ ይኸውም ውድድር ያለ ደንብ ምን እንደሚያስከትል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 በሜክሲኮ «ካሬራ ፓናሜሪካና» የተባለ የመኪና እሽቅድምድም ተጀመረ። ርቀቱ ከ3,400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለነበረ ጉዞው በየምዕራፉ ተከፋፈለ። የየምዕራፉ ሰዓት ተደምሮ ባነሰ ጊዜ የጨረሰው አሸነፈ። በሙያው ከታወቁት ነጂዎች ጋር ተራ አሽከርካሪዎችም ተሰልፈው ነበር። ይህ ርቀቱ ተወስኖ ጊዜው የሚለካበት ሥርዓት ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1923 የተጀመረው የለማን ውድድር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጊዜው 24 ሰዓት ተብሎ ይወሰንና ብዙ ርቀት የሸፈነው ያሸንፋል። በዚህ ዓይነቱ ውድድር ነጂዎች ይፈራረቃሉ፤ መኪናውም ነዳጅ ለመቅዳትና ጎማ ለመቀየር ይቆማል። ስለዚህ ፈጣኑ ሳይሆን ፈጥኖም የሚጸናው ይቀድማል።

መኪናዎች በምድብ የሚከፈሉት ለምንድን ነው? በ1951 በሜክሲኮው ውድድር ሁለት የፌራሪ መኪናዎች አንደኛና ሁለተኛ ወጡ። ተራው የቤት መኪና ከእነዚህ ጋር ሊወዳደር እንደማይችል ግልጽ ሆነ። ስለዚህ በ1952 የስፖርትና የተራ መኪናዎች ምድብ ተለየ፤ በ1953 ደግሞ እያንዳንዱ ምድብ ትልቅና ትንሽ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ምድብ እኩያን ከእኩያ ያገናኛል።

ዛሬ ለአማተሮች የሚዘጋጁ ውድድሮችም ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረ አንድ ውድድር የመኪናው ዋጋ ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ተደነገገ፤ ባለጸጋው በገንዘቡ ብቻ እንዳያሸንፍ ነው። ይሁን እንጂ የነጂውን ሕይወት የሚጠብቁ ዕቃዎች፣ ማለትም የብረት ማቀፊያው፣ መቀመጫው፣ ፍሬኑና ጎማው፣ በዚህ ሂሳብ አይገቡም። በሕይወት ላይ ቁጠባ የለምና!

የቀሩት ደንቦችም ምክንያት አላቸው። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ መቅደም ክልክል ነው፤ ከፊት አደጋ አለና። ቀይ ባንዲራ ውድድሩ መቆሙን ያስታውቃል።

እነዚህ ደንቦች በከባድ ዋጋ የተገኙ ናቸው። በካሬራ ፓናሜሪካና አምስት ዓመታት ውስጥ 27 ሰዎች ሞቱ። በ1955 ደግሞ በለማን አንድ መኪና ወደ ተመልካች ተወርውሮ ከ80 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያም በኋላ የሜክሲኮው ውድድር ቀረ፤ በ1988 የተመለሰውም ከፊሉ ለትራፊክ በተዘጉ መንገዶች ላይ ነው።

እንግዲህ እግረኛ በሚተላለፍበት ጎዳና መሽቀዳደም ጨዋታ ሳይሆን ጥፋት መሆኑን ልብ በሉ። እናንተም የምታውቁትን አንድ ጨዋታ መርጣችሁ፣ ሦስት ደንቦቹን ከነምክንያታቸው በአንድ አንቀጽ ግለጹ።