አማሪሊስ፦ በጓሮ የሚዳቀል ባለኮረት አበባ

በአበባ ገበያ አማሪሊስ የሚባለው፣ መለከት የሚመስል ትልቅ አበባ የሚያወጣው ተክል ሳይንሳዊ መጠሪያው ሂፒያስትረም ነው። የትውልድ ስፍራው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በተለይ በብራዚል፣ በቦሊቪያና በፔሩ በርካታ የዱር ዝርያዎች አሉት። ከቀይና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በኢትዮጵያ በዝናብ መግቢያ ክብ ቀይ አበባ የሚያወጣው ስካዶክሰስም የሥጋ ዘመዱ ነው።

ተክሉ ምግቡን የሚያከማቸው ከወፍራም ድርብርብ ሽፋኖች በተሠራ ኮረት ውስጥ ነው። ኮረቱ በአብዛኛው በየአራት ቅጠሉ አንድ የአበባ እንቡጥ ይፈጥራል። እንቡጡም ለብዙ ወራት እዚያው ውስጥ ሲያድግ ከርሞ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ የከርሞው አበባ የሚወሰነው በዘንድሮው ቅጠል ጤና ነው፤ አበባው ከረገፈ በኋላ አረንጓዴ ቅጠሉን መቁረጥ የማይገባውም ለዚህ ነው። ሲተከል የኮረቱ የላይኛው ሢሶ ከአፈር በላይ ይቀራል፤ አፈሩም ውኃ የማይቋጥር መሆን አለበት። ኮረቱ ላይኮሪን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ከሕፃናትና ከቤት እንስሳት መራቅ፣ ከሽንኩርት ጋርም ከመቀላቀል መጠበቅ ይኖርበታል።

ይህን አበባ የማዳቀል ታሪክ የተጀመረው በአንድ አማተር እጅ ነው። አርተር ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ በፕሬስኮት ከተማ በ1799 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የዱር ዝርያዎችን አዳቅሎ ነጭ መስመር ያለበት ቀይ አበባ አገኘ። በስሙ የተጠራው ይህ ዲቃላ ዛሬም በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ጓሮዎች ይበቅላል። በ1860ዎቹ ሪቻርድ ፒርስ ለእንግሊዙ የቬይች ችግኝ ጣቢያ ከአንዲስ ተራሮች አዳዲስ ዝርያዎችን ሰበሰበ። እነዚህ ከተዳቀሉ በኋላ አበባው ሰፋ፣ ክብነትም አገኘ፤ ሥራውንም የኔዘርላንድስ አብቃዮች በሰፊው ገፉበት።

አማሪሊስ ለጀማሪ አዳቃይ የሚመቸው የአበባው ክፍሎች ትልልቅና በዓይን በቀላሉ የሚለዩ በመሆናቸው ነው። በአበባው መሐል ስድስት የወንዴ ዘንጎችና ከእነሱ የሚረዝም አንድ የሴቴ ዘንግ አለ። እናት እንዲሆን በተመረጠው አበባ ላይ በወንዴ ዘንጎቹ ጫፍ ያሉት የአበባ ዱቄት ከረጢቶች ሳይፈነዱ በወረንጦ ይለቀማሉ፤ ይህም አበባው በራሱ ዱቄት እንዳይዳቀል ይከላከላል። የሴቴው ጫፍ ከአንድ ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ በሦስት ተከፍሎ የሚያጣብቅ ሲሆን፣ ቢጫው የአባት ዱቄት በትንሽ ብሩሽ ይቀባበታል። ወዲያው በአበባው ግንድ ላይ የእናቱ ስም አስቀድሞ፣ የአባቱ ተከትሎ የተጻፈበት ምልክት ይታሰራል። ያለዚህ መዝገብ ልጁ ቢያምርም ዘሩን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ማዳቀሉ ከያዘ ከአበባው ሥር ያለው አረንጓዴ እንቁላል እጢ ያብጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆኖ በሦስት ይሰነጠቃል። ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሱ ጥቁር ዘሮች ተደርድረው ይታያሉ። ወደ ብርሃን ሲያዩት መሐሉ ላይ ትንሽ እብጠት ያለው ዘር ፅንስ የያዘ ነው፤ ባዶው ይጣላል። ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ ትኩስ እንዳለ ይዘራል፤ በሁለት ሳምንት አካባቢም ሣር የመሰለ ቀጭን ቅጠል ያወጣል። ችግኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዕረፍት ሳያገኙ ቢበቅሉ ኮረታቸው ቶሎ ይሞላል። የመጀመሪያው አበባ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው።

ወላጆችን መምረጥ የዕውቀቱ ዋና ክፍል ነው። አብዛኞቹ የዱር ዝርያዎች 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው፣ ታላላቆቹ የገበያ ዲቃላዎች በአብዛኛው 44 አላቸው። ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚወለደው 33 ክሮሞሶም ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ መካን ስለሚሆን የዘር ሐረጉ እዚያው ይቆማል። የዱር ዝርያዎቹ በአብዛኛው በራሳቸው ዱቄት ዘር አይሰጡም፤ ባለ 44ዎቹ ግን ይሰጣሉ። ቅርጽና ቀለም ለመለወጥ የሚሻ አዳቃይ እንደ ደቡብ ብራዚሉ ፓፒሊዮ ያሉ፣ በክሬም ላይ ጥቁር ቀይ ሰንበር ያለባቸውን ዝርያዎች ይጠቀማል።

ከአንድ ፍሬ የተገኙ ወንድማማች ችግኞች እያንዳንዳቸው የተለያዩ ናቸው፤ ስለሆነም አንዱን ለይቶ የወደደ ሰው ያንኑ መልክ በዘር ማባዛት አይችልም። የተመረጠው ኮረት በጎኑ ከሚያወጣቸው ልጆች፣ አለዚያም እያንዳንዱ ቁራሽ የሥር መሠረቱን ይዞ እንዲቀር ሆኖ ከተቆራረጠው ኮረት ይባዛል። ቢላዋው በእያንዳንዱ ቁርጥ መካከል መጽዳት አለበት፤ ቅጠሉን የሚያዥጎረጉረው የሞዛይክ ቫይረስ በቢላዋ ይተላለፋልና። ቀይ ነጠብጣብ የሚያመጣው ፈንገስም እርጥበት በዛበት ቅጠል ላይ ስለሚጸና ውኃ ለሥሩ ብቻ መሰጠት አለበት። በተደጋጋሚ አብቦ መልኩን ያልለወጠ ዲቃላ ስም ሊሰጠው ይችላል፤ የዚህን አበባ ዓለም አቀፍ የስም መዝገብ የሚይዘው በኔዘርላንድስ የሚገኘው የኮረት አብቃዮች ንጉሣዊ ማኅበር ነው።