የተሰረዘ ፋይል ለምን ቦታ ይይዛል?

የገበያ ዋጋ በአጭር መልእክት የሚያሠራጭ ሰርቨር በገበያ ቀን ማለዳ ቢቆም፣ አርሶ አደሩ እህሉን ጭኖ የሚወጣው የዕለቱን ዋጋ ሳያውቅ ነው። ለእንዲህ ያለው መቋረጥ አንዱ የተለመደ መንስኤ የዲስክ መሙላት ነው። ባለሙያው ሎግ የሚባሉትን የክንውን መዝገቦች ይሰርዛል፤ ዲስኩ ግን እንደሞላ ይቀራል።

በሊኑክስ ሥርዓት ፋይልን መሰረዝ ስሙን ከማውጫው ማንሣት ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘ ድረስ ይዘቱ ከዲስኩ አይለቅም። ከመዝገብ ተፍቆ ከመጋዘን ያልወጣ ኩንታል እንደ ማለት ነው።

ያዡን ለማወቅ «ኤልሶፍ» የተሰኘ መሣሪያ አለ፤ ያዘጋጀው በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ቪክ አቤል ነው። መሣሪያው የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ይዘረዝራል፤ ከተሰረዙትም ጎን «ዲሊትድ» የሚል ምልክት ያሳያል። ሁሉንም ለማየት ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልጋል።

ያዡ ከታወቀ እርሱን ብቻ ዘግቶ ማስነሣት ይበቃል። ሰርቨሩን በሙሉ አጥፍቶ ማስነሣትም ቦታውን ያስለቅቃል፤ ነገር ግን ጤነኞቹን አገልግሎቶች ያቋርጣል፣ መንስኤውንም ይሸፍናል። ፕሮግራሙ እየጻፈበት ያለን ሎግ ከመሰረዝ ይልቅ ይዘቱን ባዶ ማድረግ ይመረጣል፤ ቦታው የሚለቀቀው አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ነው።