ብር ሲረክስ ቤት ምን ያህል ይጠብቃል? ከአሊዩ አምባ ገበያ እስከ ሸዋ ሮቢት

የዋጋ ንረት ሲበረታ ጥሪትን ወደ ቤት መለወጥ የተለመደ መከላከያ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ ሲያልፍ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ብቻ ነበር። ይሁንና ቤት ከገንዘብ መርከስ ቢጠብቅም ከስፍራ መርከስ አያድንም። የይፋት ቆላ ታሪክ ሁለቱን ለይቶ ለማየት ይረዳል።

ከአንኮበር በታች የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ ዋና የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጨርቅና መዳብ አራግፈው፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭነው፣ ባሪያም እየነዱ ይመለሱ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ሸዋ የገባው በዚሁ በኩል ነው። የገበያው ትልቁ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን፣ በውጭ ንግድ ዋጋው የሚለካው በያዘው የብር ማዕድን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ አውሮፓ ገንዘቡን በወርቅ መመዘን ሲጀምር የብር ማዕድን ዋጋ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ በግማሽ ወረደ። ነጋዴው ያልተማከረበት የባሕር ማዶ ውሳኔ በእጁ ያለውን ጠገራ ከውጭ ዕቃ አንጻር አረከሰበት።

ታዲያ ያ ነጋዴ ጠገራውን በአሊዩ አምባ ቤትና መጋዘን ላይ አውሎት ቢሆን ይተርፍ ነበር? በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በዚያው ዓመት ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ቤቱ ባለበት ቆመ፤ ለቤቱ ዋጋ የሰጠው ንግድ ግን በሌላ በኩል አለፈ።

የዛሬዋ ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የውጭው መናወጥ መጀመሪያ የሚደርስባት በግንባታ ዕቃ ነው። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ ቢመረትም መለዋወጫውና የሚያጓጉዘው መኪና ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፤ የአርማታ ብረት ጥሬ ዕቃም እንዲሁ። አዲስ ቤት መሥራት ሲወደድ የተሠራው ቤትም አብሮ ይወደዳል።

ከዚህ የበለጠ የሚያመዝነው ግን ከዓረብ አገሮች የሚላከው ገንዘብ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ3.75 ሪያል ለአንድ ዶላር ተመን የታሰረ ስለሆነ፣ ብር ከዶላር አንጻር ሲወድቅ ከሪያልም አንጻር ይወድቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚህ ሒሳብ 1,000 ሪያል 15,200 ብር ያወጣል፤ በ120 ብር ሲታሰብ 32,000 ብር ይሆናል። ላኪው ሠርቶ የጨመረው ነገር የለም፤ በአገሩ ቤት ገበያ ላይ ያለው አቅም ግን ከእጥፍ በላይ አድጓል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ከዚህ ገዥ ጋር በአንድ ገበያ ይጫረታል፤ ብዙ ጊዜም ተሸናፊ የሚሆነው እሱ ነው።

ገዥውም ቢሆን በብር ቁጥር ሊታለል ይችላል። ዋጋው በዓመት 25 በመቶ የጨመረ ቤት፣ ንረቱ 30 በመቶ ከሆነ፣ በእውነተኛ ዋጋ 4 በመቶ ያህል ወርዷል። ኪራይ ደግሞ ከተከራዩ ገቢ ብዙ ሊርቅ አይችልም፤ በአነስተኛ ከተማ ተከራዩ ያው ደመወዝተኛ ነውና የቤቱ ዋጋ ሲጋልብ ኪራዩ ወደ ኋላ ይቀራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የግል ሀብት ባለመሆኑም ገዥው የሚያገኘው ሕንፃውንና የመሬቱን የመጠቀም መብት ነው። ሆኖም በሚከፍለው ዋጋ ውስጥ የስፍራው ተፈላጊነት ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህ ተፈላጊነት ደግሞ በሪያል ላይ በተደገፈ መጠን በሪያድ ውሳኔ ይወሰናል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ምንዛሪው ሳይናወጥ የገንዘቡ ምንጭ ራሱ ደረቀ። በየወሩ ከሚላክ ገንዘብ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሲጠብቅ የነበረ ቤት፣ ሠራተኛው ባዶ እጁን ከተመለሰ በኋላ የቆርቆሮውን ዋጋ የሚከፍልለት አልነበረም።