ጠጥቶ ማሽከርከር፦ ከቅጣት ወረቀት እስከ 15 ዓመት እስራት

መገናኛ አካባቢ የሚሠራ ሹፌር ሕጉን የሚያውቀው ባብዛኛው በቅጣት ወረቀት ነው። ትርፍ ጭነሃል፣ ታፔላህ የሌላ መስመር ነው፣ የማይቆምበት ቦታ ቆመህ አውርደሃል። ትራፊኩ ይጽፋል፣ ሹፌሩ ይከፍላል፣ ሥራ ይቀጥላል። አሁን በቴሌብርም ስለሚከፈል እንደ ድሮው ሰልፍ የለም። ሹፌር «ዛሬ ተከሰስኩ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለዚህች ወረቀት ነው።

ከዚህ የተነሣ መጠጥም በዚያው መንገድ የሚያልቅ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። «ቢበዛ እቀጣለሁ» ይላል። አደጋ እስካልደረሰ ድረስ ልክ ሊሆን ይችላል። ሰው የሞተ ቀን ግን ጉዳዩ ከቅጣት ወረቀት ወጥቶ ወንጀል ችሎት ይገባል። እዚያ ደግሞ ያቺ ሁለት ሦስት ብርጭቆ አንቀጽ ትቀይራለች። ዛሬ ማብራራት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ ጥፋቶችን በየደረጃቸው ከፋፍሎ ገንዘብና የጥፋት ነጥብ ያስቀምጣል። ሰው የሚረሳው ነጥቡን ነው። ብሩ ተከፍሎ ያልቃል፣ ነጥቡ ግን ይጠራቀምና መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። ስለዚህ ያላጠፋችሁት ጥፋት ከተጻፈባችሁ «ትንሽ ብር ናት» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ቦታውን፣ ሰዓቱንና የተጻፈውን የጥፋት ዓይነት እዚያው አንብቡ፣ የመንገዱን ምልክት ፎቶ አንሡ፣ ቅሬታችሁንም ቶሎ አቅርቡ። ከትራፊኩ ጋር መንገድ ላይ መጨቃጨቅ ግን ማንንም ሲጠቅም አላየንም።

አሁን ወደ መጠጡ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2015 የብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ውስጥ ከገቡ አሥር ከተሞች አንዷ ነበረች። የማታ የትንፋሽ ምርመራውም የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደመዘገበው የኢትዮጵያ ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው። ድርጅቱ ራሱ የሚመክረው ወሰን 50 ነው፤ ለጀማሪ አሽከርካሪ ደግሞ 20።

«ታዲያ ስንት ቢራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ኪሎ፣ ፆታ፣ ምግብ መብላት አለመብላት፣ የጠጣችሁበት ፍጥነት ሁሉ ይለውጠዋል። ጠጅና አረቄ ደግሞ መጠናቸው የተጻፈበት ጠርሙስ የላቸውም፤ ቤቱ እንዳወጣው ነው። በግምት ሊያዝ የሚችለው አልኮሉ የሚወርድበት ፍጥነት ነው፦ በሰዓት 15 ሚሊ ግራም አካባቢ። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ክትፎ አያፈጥኑትም። እንበል፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 200 ደርሳችሁ ተኛችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ስትነሡ ገና 110 ላይ ናችሁ። ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ «ተኝቼ ተነሥቻለሁ» ብላችሁ ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ ስትወርዱ ሕጉ ሰክራችሁ ነው የሚላችሁ። የጠዋቱ ነገር ከማታው ይልቅ ያሳስበናል፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ታክሲ ተራው፣ መሻገሪያው፣ ድልድዩ ሥር ሁሉ ሰው ነው። በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

በነገራችን ላይ የትንፋሽ መሣሪያው ጫትን አያይም። ይኼ ማለት ግን ሕጉ አያየውም ማለት አይደለም።

ሰው ከሞተ የሚመጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ነው፦ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ሦስት ደረጃ አለው። ንዑስ አንቀጽ 1 ማንኛውንም ሰው ይመለከታል። ንዑስ አንቀጽ 2 እንደ ሐኪምና እንደ አሽከርካሪ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ይመለከታል፤ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ወደዚህኛው የሚያስገቡት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው መሞቱ፣ ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ መጣስ፣ ወይም በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራስን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ማስገባት ናቸው።

ልዩነቱ የዓመት ብቻ አይደለም። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ከሆነና ተጎጂው የሞተ ወይም የሚሞት ከሆነ ዋስትና ይከለከላል። 543(3) ጣሪያው ልክ 15 ላይ ነው። ስለዚህ በንዑስ አንቀጽ 2 የተያዘው ሹፌር ዋስ ጠርቶ ወጥቶ ከቤቱ እየተመላለሰ ሊከራከር ሲችል፣ በ3 የተያዘው ማረሚያ ቤት ሆኖ ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላል። ልጆቹ የቤት ኪራይ የሚከፍልላቸው ሳይኖር።

መከላከያ የለም ማለት ግን አይደለም። ሰው ስለሞተ ብቻ ሹፌር ጥፋተኛ አይሆንም። አንቀጽ 57 ያለ ጥፋት ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ማንም አይቀጣም ይላል። አንቀጽ 24 ደግሞ ድርጊቱ ለውጤቱ ምክንያት መሆኑን ይጠይቃል። ቀለበት መንገዱን አጥር ዘሎ ድንገት የገባ እግረኛ ሲሞት ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የጠጣ ሹፌርም ይህን ክርክር ማንሣት ይችላል፤ ግን «ባልጠጣ ኖሮ ፍሬን እይዝ ነበር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። «ሰክሬ ስለነበር አላውቅም» ማለት ደግሞ አያድንም፤ ፈልጎ የጠጣ ሰው በስካሩ አይከላከልም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ቁሙ፣ ተጎጂውን ለሕክምና አድርሱ፣ አትሽሹ። ከዚያ በኋላ ያለ ጠበቃ ረጅም ቃል መስጠት አይጠበቅባችሁም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አላችሁ፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ። ፖሊስ የሚያነሣው የአደጋ ፕላን፣ ማለትም የፍሬን ምልክቱ፣ መኪናው የቆመበት፣ ግጭቱ የደረሰበት ነጥብ፣ ችሎት ላይ ከማንም ምስክር በላይ ይናገራል። ከተመረመራችሁ ቁጥሩንና ሰዓቱን ለማየት ጠይቁ። አሁን ጠጥታችሁ ከሆነ አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ንባቡን ስለሚያበዛው ቢያንስ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንዲደገም ጠይቁ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ካልበቃ ችሎቱ «ይከላከል» ሳይል በነፃ ያሰናብታል።

የሚኒባስ ባለንብረቶችም ይህን ያዙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ቁልፉን ጠዋት ለሹፌሩ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ ማታ የት እንዳመሸ ደግሞ ረዳቱ ያውቃል።