ወሬ ይፈጥናል፤ እውነት ይደርሳል

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች። በጋዜጣ የታተመ ቃል ግን ከአፋፍ አልፎ ባሕር ይሻገራል፤ የተሻገረውንም ለመመለስ ዘመን ይፈጃል። ለዚህ ነገር የአሜሪካው አምባሳደር የሚስተር ኤድዋርድ ኮሪ ታሪክ ምስክር ነው።

ሚስተር ኮሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓ. ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩናይትድ ፕሬስ የተባለው የወሬ ድርጅት ወኪል ሆነው ከቤልግሬድና ከሌሎችም የአውሮፓ ከተሞች ወሬ ሲያስተላልፉ ቆዩ፤ ከዚያም ሉክ የተባለው መጽሔት የአውሮፓ አዘጋጅ ሆኑ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኢትዮጵያ የአሜሪካ አምባሳደር አድርገው ሾሟቸው፤ እስከ 1967ም በአዲስ አበባ ተቀመጡ። በዚሁ ጊዜ፥ በ1966፥ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ትእዛዝ አሜሪካ ለአፍሪካ ስለምትሰጠው የልማት ርዳታ መርምረው ሪፖርት አቀረቡ።

ከኢትዮጵያም ወደ ቺሊ ተዛወሩ። ከሳንቲያጎ የሚልኩት ቴሌግራም እንደ ጋዜጣ ጽሑፍ የረዘመና ያጌጠ ስለ ነበረ «ኮሪግራም» የሚል ስም ወጣለት። በ1970 ሳልቫዶር አየንዴ በምርጫ በቀደሙ ጊዜ፥ ሚስተር ኮሪ ሹመቱን በፖለቲካ መንገድ ለማስቀረት የተደረገውን ጥረት ደግፈዋል፤ መንግሥትን በጦር ኀይል መገልበጥን ግን ተቃወሙ። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ኒክሰን የስለላውን ድርጅት በስውር አዝዘው ስለ ነበረ፥ ሴራው ከገዛ አምባሳደራቸው ተሰውሮ ተጠነሰሰ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የቺሊ የጦር አዛዥ ጄኔራል ሬኔ ሽናይደር ሊጠልፏቸው በመጡ ሰዎች ተተኩሶባቸው ሞቱ።

በ1974 የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የሚስተር ኮሪን ስም ከነገሩ ጋር አያይዞ ጻፈ። እሳቸውም አላውቅም ሲሉ ተከራከሩ። በ1975 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መርማሪዎች ሴራው ከአምባሳደሩ ተሰውሮ እንደ ነበረ ገለጡ፤ ጋዜጣውም በ1981 በፊተኛው ገጹ ረዥም ጽሑፍ አውጥቶ ይህንኑ መሰከረላቸው። በመካከሉ ግን ከስድስት ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ሚስተር ኮሪ በ2003 ዐረፉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ንጋቱን የሚጠብቀው ሰው ግን ሌሊቱን በብርድ ያድራል። ወሬ በመጻፍ ያደጉት ሰው በተጻፈ ወሬ መጎዳታቸው ለሁሉም ትምህርት ነው። ስለዚህ ጸሓፊ ከመጻፉ አስቀድሞ ይመርምር፤ ሹምም ከመፍረዱ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የተሳሳተም ቢኖር፥ ስሕተቱን ባወጣበት ገጽ እውነቱን ለማውጣት አይዘግይ።